በሰሌዳው ላይ የቀረው በሬ

ትናንት በልጄ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበን፣ ሥዕል ግዴታ ይሁን አይሁን እያልን ስንጨቃጨቅ የጠመኔው ሽታ አምቦ ወሰደኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሥዕል መውደቄን ሰምቶ፣ የእርሻ ጭቃውን እንኳ ሳይታጠብ ክፍላችን ገባ። "ልጄን የላክኋት ሒሳብ እንድትማር ነው። በሥዕል የተነሳ ክፍል ከምትደግም ይዣት እሄዳለሁ!" አለ። አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው የሥዕል መምህራችን አልተቆጡም። "ኦቦ ዲንቃ፣ በሬዎ ገበያ ላይ ቢጠፋ ምን ዓይነት ነው ብለው ያፈላልጉታል?" ብለው ጠመኔ ሰጡት።

አባቴ እየሳቀ ሰሌዳው ላይ የበሬውን ቀንድ ሣለ። ራቅ ብሎ አየውና "አይ፣ የዳለቻው በሬዬ ግራ ቀንድ የታጠፈ ነው" ብሎ በጋቢው ጫፍ አጥፍቶ እንደገና ሣለ። ሻኛውንና ጅራቱን ጨመረ።

"እሷም እንዲህ አስተውላ እንድታይ ብለን ነው" አሉት መምህሩ።

አባቴ ጠመኔውን መልሶላቸው ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ "ጅራቱ አጥሯል፤ እንዳታጠፉት" አለ። እፎይ አልኩ።

ትናንት "ግዴታ ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ" ሲባል እጄን ላውጣ አላውጣ አላወቅሁም። የማውቀው፣ ያኔ አምቦ፣ በማግስቱ ጠዋት አባቴን የበሬውን ጅራት ሊያስረዝም ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ማግኘቴን ነው።