«ማንም» የሚለው ቃል

ፋጡሜ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ተቀጥራ ልጆች ስታሳድግ ኖራ ልጆቹ ከእጇ ወጡ። አሁን በራቸውን ዘግተው ከጓደኞቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ያወራሉ። አሠሪዋ ማዳምም ምን እንደሚበስል የምትነግራት በስልክ መልእክት ነው።

በእረፍት ቀኗ ኦአሲሱ፣ የከተማዋ የተምር አትክልት፣ አጠገብ ወዳለች አንዲት ክፍል ትሄዳለች። አቡ ዳቢ፣ አል ሪም ደሴት ላይ ቢሮ የሚሠራ ቢኒያም የሚባል ወጣት፣ ከዚያ እየመጣ ለሀበሾች እንግሊዝኛ ያስተምራል። መጀመሪያ ሰሞን ሲጠይቃቸው ሁሉም ያቀረቅሩ ነበር። ፋጡሜም መልሱን እያወቀች፣ ብሳሳት ይስቁብኛል ብላ ዝም ትል ነበር። በኋላ ዘዴ አመጣ። ጥያቄው በየስልካቸው ይመጣል፤ ከአራት ምርጫ አንዱን ይነካሉ። ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፤ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ለየምርጫው አንድ ባለቀለም ዓምድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የማይመልስ ጠፋ። እሱም ያልገባቸውን ከዓምዶቹ እያየ ይደግምላቸዋል።

አንድ እሑድ «ትናንት ከማን ጋር አወራችሁ?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጣ። ምርጫዎቹ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ መጨረሻው ደግሞ ከማንም ጋር የሚል ነበር።

ፋጡሜ ትናንትን አሰበች። «እሺ ማዳም» ብላለች፤ እሱ ወሬ አይባልም። መጨረሻውን ነካችና፣ ይህን የመረጥኩት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

ዓምዶቹ ሲወጡ የመጨረሻው ከሁሉም በለጠ።

ቢኒያም ፈገግ አለ። «‹ማንም› የሚለውን ቃል በደንብ አላስረዳኋችሁም። ከአንድም ሰው ጋር አላወራሁም ማለት እኮ ነው። እስቲ እንደገና መልሱ።»

መለሱ። ዓምዱ ጭራሽ ከፍ አለ።

ቢኒያም ዓምዱን ለማየት ወደ ግድግዳው ዞረ። ፋጡሜ እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አሰማች። «ገብቶናል፣ ወንድሜ» አለችው።

ሌላ ጥያቄ አላመጣም። ሁለት ሁለት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ እንዲያወሩ ለመናቸው። ከፋጡሜ ጎን ለወራት የተቀመጠችው ሴት ሶፊያ እንደምትባል የታወቀው ያኔ ነው።

«ቤትሽ ሩቅ ነው?» አለች ሶፊያ።

«ቅርብ ነው። ሰው ግን አይመጣበትም።»

«እኔም ጋ እንደዚያው ነው» አለችና ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻት።

ሶፊያ ብዙ አልቆየችም፤ አሠሪዎቿ ወደ አቡ ዳቢ ሲዛወሩ ተከትላ ሄደች። ስትደውል ፋጡሜ ሥራ ላይ ትሆናለች፤ ፋጡሜ መልሳ ስትደውል ደግሞ ሶፊያ ማንሳት አትችልም። ያም ሆኖ ይደዋወላሉ።