መዳፏ ላይ የተጻፉት ሦስት ቃላት

እንጅባራ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። አንድ ሕግ አለኝ፤ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ላላመጣ ተማሪ ፍቺ አልናገርም።

ባለፈው ሳምንት ከአዘና በኩል የምትመጣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መዳፏ ላይ ሦስት ቃላት ጽፋ መጣች።

«የቤት ሥራ ነው ቲቸር፤ ትርጉማቸውን ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ዓረፍተ ነገሩስ?»

መዳፏን ጨበጠች።

«ይሄ ስንፍና ነው! ሂጂና አምጪ!» ብዬ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ጮኽኩባት።

ወጣችና ወዲያው ተመለሰች። የሰጠችኝ ሦስቱ ቃላት ያሉበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሆስፒታል ወረቀት ነበር፤ አናቱ ላይ የአባቷ ስም አለ። ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ ተሰራጭቷል፣ ለማከም ጊዜው አልፏል ይላል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ወጣች።

ተከትያት ወጣሁ። አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። በአገውኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ እኔ አገውኛ አልሰማም። የሰውዬው ፊት ፈካ።

«በክኒን ይድናል ይላል አለችኝ። እርስዎ ያውቃሉ መምህር፤ ልክ ናት?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጎበዝ ናት» አልኳቸው፤ «አንድም ቃል አልሳተችም።»