አባቴ በአንቀልባ ያዘለኝ ዕለት

ልጅ እያለሁ ከተማችን ሁለት ትመስለኝ ነበር። አንደኛዋ የእናቴ ከተማ፣ ሁለተኛዋ የአባቴ። መንደራችን በእስቴና በስማዳ መካከል፣ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ነው፤ ከተማዋ ከወንዙ ወዲያ፣ ጉብታው ላይ ናት። ከእናቴ ጋር ስሄድ በሳማው መካከል ቁልቁል ወርደን፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ተሠራ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ጥቂት ሽቅብ እንዳልን ገበያው መሐል ዱብ ነው። የእናቴ ከተማ የቆዳና የበርበሬ ሽታ ነበራት፤ አህያው ያናፋል፣ ሰው ይጯጯሃል። ከአባቴ ጋር የሄድሁ እንደሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣ ወንዙን ወደ ላይ ይዘን፣ ገደል ለገደል ጦስኙን እየረገጥን እንሄድ እንሄድና፣ ውሃው በሚሳሳበት ቦታ ተሻግረን ዞረን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንወጣለን። የአባቴ ከተማ ጽድ ጽድ ትሸታለች፤ ድምጿም የቆሎ ተማሪ ዜማ ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና ከአጥቢያ ዳኛው ደጅ አልፎ ስለማይሄድ፣ ከዚያ ወዲያ ገበያ አለ ብሎ የነገረኝ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። የንስሐ አባታችንን በሁለቱም ከተሞች አያቸዋለሁ። ብዙ ካሰብሁበት በኋላ መንታ ወንድም አላቸው ብዬ ደመደምሁ፤ አንዱ የገበያው፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ። ካደግሁ በኋላ ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ።

እናቴን መጠየቄ አልቀረም። የአባዬ መንገድ ለምን ይረዝማል ስላት፣ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ትለኛለች። ጥያቄና መልሱ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። ስነዘንዛት ደግሞ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላ አፌን ታስይዘኛለች። ግራ የሚያጋባው እሱ ብቻ አልነበረም። ከድልድዩ ማዶ፣ መንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች ስናልፍ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች፤ እነሱም እጅ ይነሣሉ። ቤት ስንገባ ግን አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማን ደጅ እንደነበረ፣ ማን እንደሌለ ይጠይቃታል። ሰላም የሚባባሉ ሰዎች እንዴት በሹክሹክታ ይነሣሉ? ጨው ሲያልቅብን ደግሞ አባቴ አፍንጫችን ሥር ያለውን ገበያ ትቶ ወገዳ ገበያ ድረስ ይሄዳል።

አሁን ለአዋቂ ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በድንበር ጠብ ከድልድዩ ማዶ ካለው ቤተሰብ አንድ ሰው ገድሎ ወደ ዓባይ ቆላ ጠፋ። እሱ ሲጠፋ ደሙ በአባቴ ላይ ወደቀ። ሴትና ሕፃን በደም አይነካምና የእናቴ መንገድ ክፍት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያም ደም አይፈስምና አባቴ በዚያ በኩል ይገባል። በድልድዩ በኩል ብቅ ያለ ቀን ግን የሟች ወንድም አድማሱ ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቀዋል። ያኔ ይህን ማን ይንገረኝ? እኔ የማውቀው አባቴ ያለ ጠመንጃ ከደጅ እንደማይወጣና ሲተኛ ፊቱን ወደ በሩ እንደሚያዞር ብቻ ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ጧት፣ አኩኩሉ ስንጫወት ከድንጋይ ላይ ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለ። እናቴ አራስ ነበረች፤ ወንድሜን ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ወጌሻው ያለው ከተማ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ የአባቴ መሻገሪያ ጠፍቷል። የቀረው ድልድዩ ብቻ ነው። ጎረቤቶች እኛ እናድርሳት ብለው ለመኑት። አባቴ ግን እምቢ አለ። እናቴ ከመደቧ ሆና ስታለቅስ፣ ለእኔ እግር መስሎኝ አይዞሽ እያልሁ አባብላት ነበር። ለምን እምቢ እንዳለ ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት ያ ገደል ለገደል ዙሪያ ሰልችቶት ይሆናል። ሰው መፍራትም ይሰለቸዋል።

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ የእናቴን አንቀልባ አነሣ። ዛጎል የተሰካበት፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት የልጅ ማዘያ ነው፤ በአገራችን ወንድ እንኳን ሊያዝልበት አይነካውም። እኔም ለአንቀልባ ያለፍሁ፣ እግሬ የሚንጠለጠል ትልቅ ልጅ ነበርሁ። አሥሮ አዘለኝና ተነሣ። ሕመሙን ረስቼ አፈርሁ። ጓደኞቼ አጥር ሥር ሆነው ሲያዩን፣ ምነው በፈረስ በወሰደኝ አልሁ፤ ፈረስ የለንም እንጂ።

ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደወጣን፣ ከወይራው ሥር አንድ ሰው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሣ። አባቴ አልፈጠነም፣ አልዘገየም፤ ጀርባው ግን ከሥሬ እንደ እንጨት ሲደርቅ ተሰማኝ። ሰውየው አንቀልባውን አየ፣ እኔን አየ፣ የተንጠለጠለውን እግሬን አየ።

«ልጅቱን አድርስ» አለ።

ዞር ብዬ ሳይ አሁንም ቆሟል። ደግ ሰው መሰለኝ፤ እኛን ሊጠብቅ፣ ስንመለስ ሊያግዘን። አባቴን ማን ነው ብዬ ስጠይቀው «ዘመድ ነው» አለኝ። ይህም እውነት ነበር፤ ሁለቱ ቤቶች ከጠቡ በፊት ተጋብተዋል።

ወጌሻው እግሬን በቅቤ አሽቶ ሲጎትተው ጩኸቴ ገበያው ድረስ ተሰማ አሉ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ከአጥሩ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየኝ። የአባቴ ከተማ ቤተ ክርስቲያን፣ የእናቴ ከተማ መሐል! በየት መጣ? ማን አመጣው? የምጠይቀው አጥቼ አባቴን አየሁት፤ እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ የመጣንበትን መንገድ ነበር የሚያየው። ወጌሻው እግሯ በየቀኑ ይታሻል፣ እዚሁ ትቆይ አለ። እኔ ከቀረሁ አባቴ ብቻውን ሊመለስ ነው፤ ያ ሰውዬ ደግሞ ልጅቱን አድርስ አለ እንጂ ተመለስ አላለም። ወጌሻው ከቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ እንዲያድር መከረው። አባቴ አራስ ሚስቴ ብቻዋን ናት አለ። ይህን ብሎም አልተነሣም። ፀሐዩ እያዘቀዘቀ ሄደ።

በዚህ መሐል አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ወጌሻው ከመቀመጫው ተነሣ፣ አባቴም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው፤ የሟቹ እናት፣ የአድማሱም እናት። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ነው የመነኮሱት። እኔ ይህን አላውቅም፤ የማውቀው ወደ እኔ መጥተው እግሬን ጎንበስ ብለው ማየታቸውን ነው። ከዚያ ባዶውን አንቀልባችንን አንሥተው በትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ተነሥ እንሂድ። ወዲያ ማዶ መንገድ አለኝ።»

«እማሆይ፣ አንቱ ወዲያ ማዶ ምን አለዎ?» አለ አባቴ።

«ምን አገባህ። ፊት ፊት ሂድ።»

አሮጊቷ የእናቴን አንቀልባ ሰርቀው የሄዱ መስሎኝ አለቀስሁ። አባቴም እንደ ልጅ ታዝዞ ፊት ፊት ሲሄድ፣ ምነው አይቀማቸውም እያልሁ ተናደድሁ። ወጌሻው ከእግሬ ሕመም ይልቅ ያን ማስታገስ ነው የከበደው።

የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ወይራው ጋ ሲደርሱ አድማሱ ጠመንጃውን ይዞ ብድግ አለ። እናቱ እርምጃቸውን ሳይገቱ «አድማሱ፣ ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ አለ። ሽቅቡን በሳማው መካከል ደጃችን ድረስ መጡ። እናቴ ውሃ እንኳ ይቅመሱ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ደም ያለበት ቤት አይቀመስም። ከደጁ ሳያልፉ አንቀልባውን አቀበሏት። የሕፃኑን ድምፅ ሰምተው ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁ። ወንድ ነው ስትላቸው «ያሳድገው» ብለው ተመለሱ። በመሸ መንገድ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ብቻቸውን።

ደሙ ከዓመታት በኋላ በሽማግሌና በካህናት ደረቀ። ሽማግሌዎቹ እኛ አስታረቅን ይላሉ፤ ይበሉ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ እማሆይ ያን ያደረጉት ሁለተኛው ልጃቸው ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆንባቸው ነው ትል ነበር። አባቴ ደግሞ ለአንቀልባው ብለው ነው ይላል። እኔ ሁለቱንም አምኜ ሁለቱንም አላምንም። የልጃቸው ደም የሚፈለግበትን ሰው ከኋላው ሆነው እየነዱ ቤቱ ሲያደርሱ በልባቸው ምን እንደነበረ ማን ያውቃል?

ዘንድሮ ያ ሕፃን ወንድሜ የመጨረሻ ልጁን ሲድር አገሬ ገባሁ። ከሠርጉ ማግሥት ገደሉ አናት ላይ ቁጭ ብዬ ጦስኝ ስቀነጥስ፣ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች መጡ። ለእግር ጉዞ ነው ከባሕር ዳር የመጡት፤ እኛ በጭንቀት የሄድንበትን መንገድ ሰው ዛሬ ለደስታው ይሄድበታል። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። አንዷ ልጅ ከጓደኞቿ ቀርታ አጠገቤ አረፍ አለች። የድልድዩንም መንገድ ይኼንንም አይታለች። ሁለቱም የሚያደርሱት እዚያው ከሆነ ይኼን ረጅሙን ማን አወጣው ብላ ጠየቀችኝ።

«ድሮ የፍየል መንገድ ነበር» አልኋት። «ሰው እንዲሄድበት ያደረገው አባቴ ነው።»

«አባትዎ መንገድ ይወዱ ነበር ማለት ነው» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰደችውና ቦርሳዋን አንሥታ በአባቴ መንገድ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ እያንጎራጎረች ብቻዋን ወረደች።