ጉንጬ ላይ የቀረው ስም

መጀመሪያ የወጣችው አንዲት ብቻ ነበረች። ከአገጬ በስተግራ፣ ጠንካራ፣ ስነካት የምታም፣ ጫፍ የሌላት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የጉርምስና ዘመኔን በንጹሕ ፊት ስላለፍኩት ብጉር የሚባለውን ነገር ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለቱም ጉንጮቼ ተያዙ።

ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እሠራ ነበር። የእኔ ሥራ ግን በፊት የሚሠራ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ብሩክ በሕፃንነቱ በማጅራት ገትር ታሞ መስማት አቁሟል፤ ቋንቋውን የተማርኩት ከእሱ ጋር እየተጫወትኩና እየተጣላሁ ነው። ብሩክ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነው። እሑድ እሑድ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ምእመናን ከፊት በስተቀኝ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከሰባኪው ጎን ቆሜ አስተረጉማለሁ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ሐኪም ቤትም ይሁን ፍርድ ቤት፣ የሚፈልገኝ ሰው ያለበት ቦታ እሄዳለሁ።

የማያውቅ ሰው የምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ የሚነገር ይመስለዋል። እጅ ቃሉን ይናገራል። ነገሩ ቁጣ ይሁን ቀልድ፣ ጥቂት ይሁን ብዙ፣ ከልብ ይሁን ለይስሙላ የሚለየው ግን በቅንድብ፣ በጉንጭና በከንፈር ነው። ስለዚህ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ስብከቱ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሚያዩት የእኔን ፊት ነው። ብጉር የወረሰው ያንን ፊት ነው።

መስማት የተሳናቸው ወዳጆቼ ደግሞ ያዩትን መደበቅ አያውቁም። "ዛሬ ብሷል፤ በዚህ በኩል አዲስ ወጥቷል" ይሉኛል፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ቢሆንም ይከፋኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ አየሁ። አንዷ ሦስት ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ ጉንጯን መታ መታ አደረገችና፣ ነገ ከእኔ ጋር ጤና ጣቢያ ትሄዳለች አለች። ማን ናት አልኳት። አንቺ ነሻ አለችኝ፣ ጥያቄዬ ገርሟት።

በእነዚህ ወዳጆቼ መካከል ሰው የሚጠራው በምልክት ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ነገር ስም ይሆናል። የብሩክ ስም ቅንድብ ላይ በጣት የሚሰመር መስመር ነው፤ በልጅነቱ ከብስክሌት ወድቆ ያተረፈው ጠባሳ። መጋቢያችን ጢማቸውን ከተላጩ ስንት ዘመናቸው፣ ስማቸው ግን ዛሬም ጢም ነው። እኔ እስከዚያ ቀን የብሩክ እህት ነበርኩ። አሁን ብጉር ሆንኩ። ፈገግ ብዬ ተሰናበትኳቸው። ቤቴ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ሎሚ ቀባሁ፤ አቃጠለኝ። የጥርስ ሳሙና ቀባሁ፤ ቆዳዬ ተላጠ። ነጭ ሽንኩርት ቀባሁ፤ ብጉሩም ሽታውም አብረውኝ ከረሙ። አክስቴ ስታገቢ ይለቅሻል አለችኝ፤ ባል ለብጉር መድኃኒት ሆኖ ሲታዘዝ ያን ቀን ሰማሁ። በመጨረሻ አንዲት የመዋቢያ ነጋዴ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። በዐሥር ቀን ፊቴ አበራ። ሰው ሆንኩ ብዬ መስታወቱን ሳምኩት። ቅባቱ ሲያልቅ ግን ብጉሩ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ቆዳዬ ቀላ፣ ሳሳ፣ ነደደ። በጥፍሬ ማፍረጥ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ጭምብል አደረግኩ። ብሩክ በኮሮና ጊዜ ሰፍቶ የተረፈው አንድ ካርቶን ሙሉ የጨርቅ ጭምብል ቤት ነበረን። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ጉንፋኑ አራት ወር ቆየ። በሐዋሳ ሙቀት ከጭምብሉ ሥር ፊቴ በላብ ይርሳል፣ ጨርቁም ቀኑን ሙሉ ይፈትገዋል። ሰዎቹ ዓይናችን ደከመ ማለት ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጡት እኔን ማየት ትተው እርስ በርስ ያወራሉ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በዚህ መካከል ብሩክ ሳራን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ሳራ አብራን የምታመልክ ልጅ ናት፤ እሷም መስማት የተሳናት ናት። ቤተሰቧ እሺ ካሉ በኋላ አባቷ ልጁን ራሴ ላናግረው አሉ። ብሩክ፣ አጎታችንና እኔ ሄድን። ጭምብሌን አድርጌ።

አባትየው ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። ሳራ ልጅ ሳለች እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገቧት እንደነበር ነገሩን። ያ ነገር እስከ ዛሬ እንደሚጸጽታቸው፣ እኔ ስሞት ልጄን ማን ይረዳታል እያሉ ስንት ዓመት እንደጸለዩ፣ አሁን ግን ልባቸው እንዳረፈ ተናገሩ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። እኔ ሁሉንም አስተረጎምኩ። አንድም ቃል አልጣልኩም። ብሩክ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አባትየው ወደ አጎቴ ዞሩና፣ ልጁ ነገሩ አልገባውም ወይስ ግድ የለውም ሲሉ ጠየቁ። ይህንንም ማስተርጎም ነበረብኝ። ብሩክ ግራ ገብቶት አፈጠጠብኝ።

"ሰውዬው ያለቅሳሉ። አንቺ ምንም አትይም" አለኝ።

ሁሉንም ነግሬሃለሁ አልኩት።

"እጅሽ ነግሮኛል። አንቺን አልሰማሁሽም። አውልቂው።"

አላወለቅኩም። ሁሉም ያዩኛል።

"አውልቂው" አለ እንደገና።

አወለቅኩት።

ጉንጮቼ ያበጡ ነበሩ። የቀሉ። የጭምብሉ ጠርዝ ያሰመረው መስመር ነበረባቸው። አንዱ ብጉር እየደማ ነበር።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክዎ ይድገሙልኝ" አልኳቸው።

ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ ጓዳውም፣ ጸጸቱም፣ ጸሎቱም ፊቴ ላይ ነበር። ሳልጨርስ ብሩክ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ የአባትየውን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና አቀፉት። ስለ ብጉሬ ያሰበ ሰው ከነበረ ረስቶታል። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ረስቼው ነበር።

ስንወጣ የሳራ እናት በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ለምን ብቻሽን ትታገይዋለሽ?" አሉኝና የአንዲት የቆዳ ሐኪም አድራሻ ጻፉልኝ። በዚያ ዓመት ስንቱን ሰው ሐኪም ፊት አቅርቤ ሕመሙን እንዳስተረጎምኩለት አሰብኩና አፈርኩ። የራሴን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ለብሩክ ለሠርግህ ሌላ አስተርጓሚ ፈልግ አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ፣ ካሜራ ተደቅኖ፣ በዚህ ፊት አልቆምም። ብሩክ ሌላ ሰው ካቆምሽ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው የማገባው አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ሠርጉ አምስት ወር ቀርቶት ነበር።

ሐኪሟ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ፊቴን በመብራት አይተው የብጉርን የሕክምና ስም፣ አክኒ ቩልጋሪስ፣ መካከለኛ ደረጃ ብለው ጻፉ። ከዚያ ፊትሽ ላይ የምታደርጊውን ሁሉ ይዘሽ ነይ አሉኝ። በማግስቱ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ እያወጡ ለዩት። ስም የሌለውን ብልቃጥ ሲያገኙ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ያለበት ይመስለኛል። ለጊዜው ያሳምራል፣ ቆይቶ ያጠፋል" አሉ። የፀጉሬን ቫዝሊንም ለብቻው አስቀመጡ፤ ወደ ግንባሬ እየወረደ የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል። ጭምብሉንም አነሡት። "ይሄንንማ ማን አዘዘልሽ?"

ያን ቀን የተረዳሁትን በእሳቸው አገላለጽ ልንገራችሁ። ቆዳችን ሴበም የሚባል ቅባት ያመነጫል፤ በሆርሞን ግፊት ሲበዛና የሞተ ቆዳ መውጫውን ሲደፍነው እዚያው ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ያብጣል። በዚህ ነገር የንጽሕና ጉድለት የለበትም፣ ኃጢአት የለበትም፣ ባል ማጣትም የለበትም። "ብጉር ቆሻሻ አይደለም፤ በመፈተግ አይለቅም" አሉኝ። በርበሬውንስ ልተው ብላቸው፣ ጣፋጭ ቀንሺና ፊትሽን ታዘቢ፣ ወጥሽን ግን አትክሰሺ አሉ።

መድኃኒቱ ሦስት ነበር። ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት። ማታ አዳፓሊን የሚባል ሌላ ቅባት፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ብጉሩን እየመረጥኩ ሳይሆን ፊቴን በሙሉ። ለሦስት ወር ዶክሲሳይክሊን የሚባል እንክብል፣ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ፣ ውጬ ወዲያው ሳልተኛ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ መድኃኒቱ ስለሚለወጥ አስቀድመሽ ንገሪኝ አሉኝ። "ከስምንት ሳምንት በፊት በመስታወት አትፍረጂ" የሚለው ግን ከሁሉም የከበደኝ ትእዛዝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባሰ። ቆዳዬ ደረቀ። ተቀረፈ። አዲስ ብጉር ወጣ። አዳፓሊኑን ልጥለው አነሣሁ። ብሩክ ከእጄ ወስዶ መልሶ አስቀመጠውና አምስት ጣት አሳየኝ፤ አምስት ሳምንት ይቀርሻል ማለቱ ነው። ስደውልላቸው ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ የሚጠበቅ ነው አሉ፤ አዳፓሊኑን አንድ ቀን እያለፍኩ እንድቀባ፣ ቅባት የሌለው ማለስለሻ እንድጨምር ነገሩኝ።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ እኔ ራሴ ሳላስተውለው፣ አዲስ የሚወጣው እየቀነሰ መጣ፤ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የማያመኝ ቦታ እየሰፋ ሄደና በስምንተኛው ሳምንት አንድ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ፊቴ ሳላስብ ስብከቱ እንዳለቀ ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ሰማያዊ ሸሚዜን አንገቱ ላይ ነጭ አድርጎብኝ፣ ብሩክ ኮሌታውን ገልብጦ እየሰፋ፣ ፊትሽን ለማዳን ልብስ ሁሉ ልታስጨርሺኝ ነው እያለ ሲያላግጥብኝ ከረመ። ለቀረው ጥቁረት ሐኪሟ የፀሐይ መከላከያ ጨመሩልኝና፣ ይህ ጥላ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሄዳል አሉ፤ ጎድጎድ ያሉትን ሁለት ቦታዎች ግን በጣታቸው ነክተው "እነዚህን በጥፍርሽ ነው የሠራሻቸው፤ አብረውሽ ይኖራሉ" አሉኝ። አብረውኝ እየኖሩ ነው።

በሠርጉ ዕለት ፊቴ አልጠራም ነበር። ጥቁረቱ ነበረ፤ ይባስ ብሎ ጠዋት ስነሣ ከአገጬ በስተግራ፣ ልክ መጀመሪያው ቦታ ላይ፣ አንዲት አዲስ ብጉር ወጥታ ጠበቀችኝ። ሳቄ መጣ። አልነካኋትም። በሙሽሮቹና በመጋቢያችን መካከል ቆሜ ቃል ኪዳኑን አስተረጎምኩ፤ ብሩክ ቃሉን ሲሰጥ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፣ አንድም ጊዜ ድገሚልኝ አላለኝም። ሐይቅ ዳር በተነሣነው ፎቶ ላይ ያቺ ብጉር በግልጽ ትታያለች።

ከሠርጉ በኋላ ብሩክ ስጦታ አለኝ አለ። መስማት የተሳናቸው ወገኖች ሲሰበሰቡ የእህቴ ስም ይቀየር፣ ፊቷ ድኗል ብሎ ሊጠይቅልኝ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። እሑዱ ተቆረጠ።

በዚያው እሑድ ከገጠር የመጣች መስማት የተሳናት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አየሁ። ሻርፕ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ሲያስተዋውቋት ሦስት ጣት ጉንጫቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። ልጅቱ ፊቴን አየች። ምልክቱን አየች። እንደገና ፊቴን አየች። ተጠግታ፣ ለምን እንዲህ ይሉሻል፣ ፊትሽ ላይ እኮ የለም አለችኝ። ነበረ አልኳት። ሻርፑን ዝቅ አደረገች፤ ጉንጯ ሁሉ ብጉር ነበር። እንዴት ለቀቀሽ አለችኝ። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ አብሬያት ገባሁና አስተረጎምኩላት።

ለእናንተም ለእሷ ያልኳትን እላለሁ። ፊታችሁን በቀን ሁለቴ ለስላሳ ሳሙና ነክታችሁ በእጃችሁ ታጠቡ፣ አትፈትጉት። አታፍርጡት፤ ምልክቱ ከብጉሩ በላይ ይቆያል። የፀጉር ቅባት ግንባር ላይ አታሳድሩ፣ የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ እጠቡ፣ ስም የሌለው ቅባት ደግሞ ማንም ቢምልላችሁ አትግዙ። የሚያም፣ የሚያብጥ፣ ጠባሳ የሚተው ከሆነ ወይም ሆድ ካስባሳችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እኔ ሁለት ዓመት ያባከንኩት ያለ ምክንያት ነው። ከዳናችሁ በኋላም ሐኪም ያዘዘላችሁን አታቋርጡ። እኔ አዳፓሊኔን ዛሬም እቀባለሁ፤ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ብቅ ቢል አልደነግጥም።

ለሐኪሟ፣ ሳያልፉኝ ክንዴን ለያዙኝ ለሳራ እናት፣ አውልቂው ላለኝ ወንድሜም ምስጋናዬ አያልቅም።

ስሙን በተመለከተ፣ ያን እሑድ ብሩክ ጥያቄውን ሊያቀርብ ሲነሣ እጁን ያዝኩት። ልጅቱ ከኋላ ሻርፏን አንገቷ ላይ ጥላ ታየናለች። ሁሉም እንዲያዩኝ መድረኩ ላይ ወጣሁና ሦስት ጣቶቼን ጉንጬ ላይ መታ መታ አደረግኩ፤ ይህ ስሜ ነው፣ አትቀይሩብኝ አልኳቸው።