«ሳንባ አለብሽ አሉን»

ሹም አቦ ሰፈር የተከራየናት ክፍል ሁለት ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበራት። አብራኝ የምትኖረው አራት ዓመት ባዮሎጂ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነበረች። ከተመረቅን በኋላ ሥራ ስንፈልግ ከርመን፣ አንድ የግል ኮሌጅ መምህር ሊቀጥር መሆኑን ሰማን። ቦታው ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለታችንም አመለከትን። ተወዳዳሪው ፈታኞች ፊት ቆሞ እንዲያስተምር፣ ርእሱንም በዕጣ እንዲያወጣ ተባለ። ለእኔ የመተንፈሻ አካላት ወጣልኝ፤ ለእርሷ የምግብ መፍጫ።

«አንቺ ሳንባ አለብሽ፣ እኔ ጨጓራ አለብኝ» አለች ዕጣዋን ገልጣ እያየች። «ምን ሥራ ያስፈልገናል፤ አልጋ ይዘን እንተኛ እንጂ!»

ሳቅን። ተማሪ ሳለንም «ነገ ኬሚስትሪ አለብኝ» ነበር የምንለው።

እኔን ግን ቀልዱ ትንሽ ይነካኝ ነበር፤ አስም አለብኝ። ከእናቴ ሌላ ይህን የምታውቅ እርሷ ብቻ ነበረች። ድሮም ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል፤ በዚያ ላይ እንዲታዘንልኝ አልፈልግም። በአፍ የሚሳበውን ሰማያዊ መድኃኒቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር የምደብቀው። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቦርሳዬን በርብራ መድኃኒቱን ያወጣችልኝ፣ ጀርባዬን ደግፋ ያስቀመጠችኝ እርሷ ናት።

ለትምህርቱ ከከተማው ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አመጣሁ። ጓደኛዬ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ተማሪ ትሆንልኛለች። ደንገሉን በምላጭ ቆርጬ ባልዲ ውኃ ውስጥ ስጨምቀው አረፋ ይተፋል።

«ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው» እላለሁ። «ሳንባም ውስጡ እንዲህ እንደ ስፖንጅ ነው። ደንገሉ ውስጥ ግን አየሩ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሳንባ ውስጥ ይለዋወጣል።»

«ቲቸር፣ ከማን ጋር ነው የሚለዋወጠው?» ትላለች እጇን አውጥታ።

«ከደም ጋር። የአየር ከረጢቶቹን የሚያለብሱት ሕዋሳት እጅግ ስስ ናቸው። ኦክስጅኑ በእነርሱ አልፎ ወደ ደም ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል። በመካከላቸው ወፈር ያሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ከረጢቱ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚያደርግ ፈሳሽ የሚያመነጩት እነርሱ ናቸው።»

«አቧራ ቢገባስ ቲቸር?»

«ዋናው ቧንቧ ላይ ይያዛል። አንዳንዶቹ ሕዋሳት ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ፤ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ጫፋቸው ላይ ባለው ፀጉር መሳይ ነገር ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። አምልጦ ከረጢቱ ድረስ የወረደውን የሚውጡ ሕዋሳት እዚያ ይጠብቁታል።»

«ታዲያ ያንቺዎቹ ጠራጊዎች ምን ሆነው ነው የሚለግሙት?»

«የእኔ ችግር እነርሱ አይደሉም። ትናንሾቹን ቧንቧዎች የሚከቡት ጡንቻዎች ናቸው። የጠመኔ ብናኝ ሲሸታቸው ይኮማተራሉ።»

«እንግዲያው ጠመኔ አትንኪያ!»

«ከዚያ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አትችልም ይበሉኛ።»

የፈተናው ቀን እርሷ ቀድማኝ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «አይዞሽ፣ ደጎች ናቸው» ብላ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። እኔ ደንገሌንና የውኃ ሳህኔን ይዤ ገባሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መካከል የተቀመጡት ሽበታም ሰው በርኅራኄ አዩኝ።

«ሳንባ አለብሽ አሉን» አሉኝ።

ዕጣዬን ማለታቸው መስሎኝ ፈገግ አልሁ። «አዎ፣ አለብኝ። በደንብ ተዘጋጅቼበታለሁ።»

ከጎናቸው የነበሩት ሴት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ሦስተኛው ተነሥተው መስኮት ከፈቱ። አሁንም አልገባኝም። ጠመኔ ሳነሣ ግን ሽበታሙ ሰው፣ «ተይው ልጄ፣ ጠመኔ አይስማማትም ተብለናል፤ በቃል ይበቃል» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ «ሳንባ አለባት» ከተባለ ሰው የሚረዳው ነቀርሳ ነው። እኔም በገዛ አፌ፣ ያውም ፈገግ ብዬ፣ «አዎ፣ አለብኝ» ብያለሁ። ጠመኔ እንደማይስማማኝ የምታውቀው ደግሞ ቦርሳዬን ይዛ ውጭ ተቀምጣለች።

«አስም ነው፣ አይተላለፍም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ትምህርቴን ከአፍንጫ ጀመርሁ፤ አየሩን እንዴት እንደሚያሞቅና እንደሚያረጥብ ተናገርሁ። ወደ ዋናው ቧንቧ ወረድሁ፤ የከበቡት የልም አጥንት ቀለበቶች ከኋላ ያልገጠሙት ጉርሻ ሲወርድ ለምግብ ቧንቧው ቦታ እንዲለቁ ነው አልሁ። ቀለበት የሌላቸው፣ ጡንቻ ብቻ የከበባቸው ትናንሾቹ ዘንድ ስደርስ የራሴዎቹ ይኮማተሩ ጀመር። ስለ አስም የምናገረው እዚህ ላይ ነው ብዬ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሳል ነው። ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ደንገሉን ሳልጨምቀው ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ሳልጠይቃት ሻርፑን ፈትታ መድኃኒቱን እጄ ላይ አኖረችው። «ቀስ ብለሽ፣ ቀስ» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ጀርባዬን ደግፋ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ምን ነበር ያልሻቸው?»

«ምን እላቸዋለሁ? ‹ቀጥላ የምትገባው ጓደኛዬ ሳንባ አለባት› አልኋቸው። ዕጣሽን ነዋ!»

«ጠመኔውስ? እርሱም በዕጣ ነው የወጣልኝ?»

ሻርፑን አጣጠፈች። «ላንቺው አዝኜ እኮ ነው። ደግሞስ አስም የሚይዘው ሳንባን አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እንደ መጽሐፉ ከሆነ ልክ ናት፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጎረቤት ቢለው ባለማወቅ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እርሷ ግን የአስምንና የነቀርሳን ልዩነት ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተምራለች። አስም ብትል ማንም መስኮት አይከፍትም ነበር። ቃሉን መርጣ ነው የተናገረችው።

ቦታው ለእርሷ ሆነ። እኔ ከሹም አቦ ለቅቄ ዱርቤቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠርሁ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋለሁ፤ መድኃኒቴን ከጠመኔው አጠገብ፣ ተማሪዎቹ በሚያዩት ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

በቅርቡ በቴሌግራም መልእክት ላከችልኝ። ከተለያየን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ውዴ እንዴት ነሽልኝ? ነገ ሳንባ አለብኝ። ያቺን የደንገሏን ነገር እንዴት ነበር የምታደርጊያት?»

ደጋግሜ አነበብሁት። ፍራሿ ላይ ሆና እጇን ስታወጣ ታየችኝ፤ «ቲቸር፣ ከማን ጋር ነው የሚለዋወጠው?» ስትለኝ።

«እግዜር ይማርሽ» ብዬ ጻፍሁላት።