እትዬ ዘነበች እንግዶቼን ሊያዩ መጡ

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ... ከፈትኩ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ቆመዋል። ከዘጉኝ ቀናት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ የመጽሔታችንን ዓመታዊ በዓል የምትከፍቺው አንቺ ነሽ አለኝ። አንባቢ የሚወደው አንቺን ነው አለ፤ በቃ። እኔ ደግሞ ምላስ ያለኝ ወረቀት ላይ እንጂ ሰው ፊት አይደለም። አምና አንድ ስብሰባ ላይ ራሴን ላስተዋውቅ ተነሥቼ፣ ስሜን ከነአባቴ ተናግሬ፣ ቀጥሎ የምለው ጠፍቶኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉም አጨበጨበልኝ... እሱ ነው የባሰው።

ቲያትር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ሄለን መላ ሰጠችኝ። ቤትሽ ሰው የተቀመጠ አስመስለሽ፣ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ አለችኝ። ማለቴ... ምን ሰው አለና? ካዛንቺስ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚተነፍስ ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱን በርጩማ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን፣ የውሃ ጀሪካኑን ሳይቀር ደረደርኩ። ወንበሩን ሹራቤን አለበስኩት፤ የክብር እንግዳው እሱ ነው።

ከሥራ ስገባ እንግዲህ፣ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ ደስ ብሎናል። ቤታችሁ ነው፣ ተጫወቱ» እያልኩ አቀልጠዋለሁ። መሃል መሃል ላይ ፈገግ በይ ስለተባልኩም እሥቃለሁ።

የረሳሁት፣ እኔንና እትዬ ዘነበችን የሚለየን ግድግዳ ስስ ችፑድ መሆኑን ነው።

እትዬ ባላቸው ከሞቱ፣ ልጃቸውም ሐዋሳ ካገባች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሽሮ እንኳን ቢሠሩ ሳያቀምሱኝ አይበሉም። እኔም ደሞዝ ስቀበል ከቄራ ሥጋ ይዤ ስገባ ያለ እሳቸው ጎርሼ አላውቅም። ያን ሰሞን ግን ሰላም ስላቸው መጋረጃቸውን ይለቁብኛል። ምን አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ነው እንግዲህ ሐሙስ የመጡት።

«ለመብላት ብዬ አይደለም» አሉኝ በሩ ላይ እንደቆሙ። «ግን አንቺ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ ሰው ስትጋብዢ አንድ ቀን እንኳን እትዬን ጥሯቸው አይባልም?»

ማንንም አልጋበዝኩም ብላቸው አላመኑኝም። ትልቅ ሰውን መዋሸት ነውር መሆኑን ነግረውኝ ገፋ አድርገውኝ ገቡ።

ገቡና... ቆሙ። ባዶ በርጩማ፣ ባዶ በርጩማ፣ ጀሪካን፣ ሹራብ የለበሰ ወንበር።

እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ስለ ንግግሩ፣ ስለ ሄለን ምክር እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና ሹራቡን አንሥተው፣ አጣጥፈው አልጋው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«በይ ተናገሪ።»

«ክቡራን» ብዬ ቀረሁ። ለጀሪካን ይንቆረቆር የነበረው ንግግር አንድ ሰው ሲቀመጥ ደረቀ።

«አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ። የትም አልሄድም» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እኔም እኮ ሲመሽ ብቻዬን ነው የማወራው። ቆሜ ስለማላወራ ነው እንጂ» አሉ።

ሣቅን... ሣቁ ግን ቶሎ አለቀብን። ንግግሩን እስከ መጨረሻው አልኩላቸው፤ አስደገሙኝም።

ቅዳሜ መስቀል ፍላወር፣ በዓሉ በተዘጋጀበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እየተደናቀፍኩም ቢሆን ተናገርኩ። ሰዉ ጨበጠኝ፣ አቀፈኝ፣ ወደየቤቱ ሄደ።

እሑድ አመሻሽ ላይ የምለማመደው ነገር አልነበረኝም። ቤቱ ጭር ብሎ ስቀመጥ ከችፑዱ ማዶ እትዬ ዘነበች ሲያወሩ ሰማሁ። ውሃ ዛሬም እንዳልመጣ፣ ልጅቷም እንዳልደወለች ለባላቸው እየነገሯቸው ነበር... በስማቸው እየጠሩ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ መጥቼ፣ የእሳቸውን በር ለማንኳኳት ግን ድፍረቱን እስካገኝ ብዙ ቆየሁ።