የአባ ዝግታ ቀኝ እግር

ስም ነበረው፤ ነገር ግን በከሰሉ ማዕድን ግቢ ውስጥ ስሙን የሚያውቀው የስምሪት መዝገብ ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ሁሉ «አባ ዝግታ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተራራው ራስ ከሰል ጭኖ፣ ሜዳው ላይ ወዳለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲያወርድ አንድም ቀን ቸኩሎ አያውቅም። መንገዱ አሥራ አንድ ጥምዝ አለው። ለሚወርድ ሰው በስተቀኝ የተቆረጠ የተራራ ግድግዳ፣ በስተግራ ደግሞ ከዓመታት በፊት የወደቁ መኪኖች እንደ ቆርቆሮ ጣሳ አንሰው የሚታዩበት ገደል ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ ከሰል ተሸክሞ መውረድ ማንም ይችላል፤ ሙያው ያለው ማቆሙ ላይ ነው።

ያሠለጠነው ሾፌር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጀመሪያው ቀን ጫማውን አስወልቆት ነበር። «ፍሬን ሲግል ቀድሞ የሚያውቀው እግር ነው» አለው። «ቀጥሎ አፍንጫ ያውቃል። ዓይንህ ጭሱን እስኪያይ ከጠበቅክ ግን አልቆልሃል።» ከዚያ ቀን ወዲህ አባ ዝግታ ሶሉ የሳሳ የሸራ ጫማ ካልሆነ በቀር ሌላ ተጫምቶ ጋቢና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ፍሬኑ ሲላላ፣ ሲጠነክር፣ ሲንቀጠቀጥ በዚያ ስስ ሶል በኩል ሐኪም የበሽተኛን የደም ሥር እንደሚያዳምጥ ያዳምጠው ነበር።

ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን ቀኝ እግሩ ከጣቶቹ ጀምሮ እየደነዘዘ መጥቶ፣ ውስጥ እግሩ የሌላ ሰው ገላ ሆነበት። የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቀ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ኪኒኑን ይውጣል፣ ከዚያ በላይ አያስበውም። በየዓመቱ በሚደረገው የሾፌሮች ምርመራ ዓይኑን ያዩለታል፣ ጆሮውን ይፈትሹለታል፤ ስለ እግሩ የጠየቀው ሐኪም አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። በዚህ ፈንታ ዘዴ ፈጠረ፦ በየጥምዙ ዓይኑን ለአፍታ ወደ ታች ጣል ያደርግና፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ መሆኑን አይቶ ወደ መንገዱ ይመለሳል። መፍራት እንደሚገባው ያውቅ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም።

ነገሩን የደረሰችበት ባለቤቱ ናት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ተመልሶ ኩሽናው በር ላይ ካለችው ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷም እንደ ልማዷ የእግር ውሃ ሳፋው ውስጥ ገለበጠችለት። ቀዝቃዛውን ልታቀላቅልበት ጣሳ ይዛ ስትመለስ፣ ቀኝ እግሩን ነክሮ የግራ ጫማውን ክር እየፈታ ነበር።

«አንተ ሰው! አውጣ! ውሃው እኮ አሁን ከእሳት የወረደ ነው!»

«ምኑን ነው የማወጣው?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ! እግርህን ነዋ!»

ጎንበስ ብሎ አየው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል። ቀስ ብሎ አወጣው፤ ያወጣውም ስለታዘዘ ነው። ባለቤቱ ቅባት ቀብታ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ቋጠሮውን ካጠበቀች በኋላ ቀና አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«እና በዚህ እግር ነው ከልጃችን ባል ኋላ የምትነዳው?»

የተጠቀለለውን እግሩን ከወንበሩ ሥር ሳበ። የተጫኑት መኪኖች ሲወርዱ፣ ከጀማሪ ሾፌር ኋላ ሁልጊዜ የታመነ አንጋፋ ይሰለፋል፤ በቁልቁለት ላይ ከፊት ያለው ሰው ሕይወት ያለው ከኋላው ባለው ሰው እግር ሥር ነውና። የልጃቸው ባል መሪ ከጨበጠ ገና ሦስት ወሩ ነበር፤ ከኋላው የሚሰለፈው አንጋፋም ይኸው አማቱ ነበር።

«ነገ ለስምሪት ኃላፊው ትነግረዋለህ» አለችው። «አንተ ካልነገርከው እኔ ራሴ ግቢው ድረስ እመጣለሁ። እንደማላፍር ደግሞ ታውቀኛለህ።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ነገ አልኩሽ እኮ፤ አንቺ ደግሞ!»

በማግስቱ የሄደውም ሊናገር ነው። ስምሪት ክፍሉ አንዲት መስኮት ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ሾፌሮቹ ፊት ለፊቷ ተሰልፈው መውጫ ወረቀታቸውን ይጠብቃሉ።

«አባ ዝግታ መጣ! በሉ ሰዓታችሁን አስተካክሉ» አለ፣ በድምፁ ምክንያት «ጡሩምባ» የሚሉት ሾፌር።

«ተወው እባክህ፤ ትናንት ከቤቱ ተነስቶ ገና አሁን መድረሱ ነው» አለ ሌላው።

«እናንተስ ቸኩላችሁ የት ደረሳችሁ? ያው እዚሁ ሰልፍ ላይ ናችሁ» አላቸው። ሳቁ። እሱ ግን አፉ በራሱ ጊዜ የመለሰ ይመስል፣ የተናገረውን ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበር የሰማው።

ተራው ደርሶ መስኮቷ ጋ ሲቆም ኃላፊው ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። «አማችዎን እንደተለመደው ከፊትዎ አድርጌዋለሁ። እርስዎ ከኋላው ካሉ እኔም ሐሳብ የለብኝም።»

አባ ዝግታ አፉን ከፈተ። ከኋላው ሰባት ሰው ቆሟል።

«ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ አልተሞላም» አለ። ሊል ያሰበው ይህን አልነበረም። ኃላፊው ሰዓቱን ሞላለት፤ እሱም ተቀብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

እስከ ስድስተኛው ጥምዝ ድረስ ነገሩ ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ማርሹ ከባድ ላይ ነው፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አማቹ መቶ እርምጃ ያህል ቀድሞ ይወርዳል። ሰባተኛው ሾፌሮቹ «ክርን» የሚሉት ጥምዝ ነው። እዚያ ከግድግዳው የተናደ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ ኖሮ አማቹ ቆመ፤ የኋላ መብራቶቹ ቀይ በሩ። አባ ዝግታ ፍሬን ያዘ። ወደ ታች አየ፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው። ቀና አለ፤ መኪናው አልቀነሰም። እንደገና ወደ ታች አየ፤ እግሩ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነው። ዓይን እግር የት እንዳለ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደተጫነ ግን አይናገርም። እግሩ እንደ ተጣለ ጨርቅ ፍሬኑ ላይ አርፎ ነበር እንጂ አልተጫነውም።

ዳግመኛ ቀና ሲል የአማቹ መኪና የፊት መስታወቱን ሞልቶታል። የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። መኪናው ጎኑን ከተራራው ግድግዳ ጋር እየፋቀ፣ መስታወትና ብረት እየጣለ ሄዶ፣ አማቹ ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ከሰሉ ሸራውን ቀዶ በጋቢናው ጣራ ላይ ዘነበ።

አማቹ እየሮጠ መጣ። «አባባ! አባባ! ተርፈዋል?»

«ደህና ነኝ።»

«ፍሬን እምቢ ብሎዎት ነው አይደል? ግድግዳው ውስጥ የገቡት እኔን ላለመግጨት ብለው ነው!» ልጁ ያለቅስ ነበር። አባ ዝግታ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

ወዲያው ከኋላ የደረሱት ሾፌሮች ከበቡት። «ዛሬስ ቸኮለ ልል ነበር» አለ ጡሩምባ፣ «አማቹን ግን አተረፈ፤ ወንድ!» የስምሪት ኃላፊውም ወሬው ደርሶት የጋራዡን መካኒክ ይዞ ከግቢው ከተፍ አለ፤ ጎኑ የተፋቀውን መኪና አንዴ አይቶ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«ትናንት ለዚህ ፍሬን ደህና ነው ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፤ ግን ጌታዬ…»

«ግን የለም። ከዛሬ ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ እንዳላይህ።»

መካኒኩ ግራሶ የጠጣ እጁን ዘርግቶ ወደ አባ ዝግታ ተመለከተ። «አብረን ሞክረነው የለም እንዴ? እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

አባ ዝግታ የጋቢናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠ። የቀኝ ጫማውን ክር ፈታ፣ አወለቀው፣ ገልብጦም አራገፈው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ስለታም ከሰል ጠብ አለች። ባለቤቱ የጠቀለለችለት ነጭ ጨርቅ፣ ከውስጥ እግሩ በኩል ተበስቶ፣ ደምና ጥቀርሻ ጠጥቷል።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ። «ይህች ከጠዋት ጀምሮ ጫማዬ ውስጥ ነበረች፤ አላወቅኩም።»

ጡሩምባ ጎንበስ ብሎ ከሰሏን አነሳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አራት ወር ይሆነዋል።»

አማቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኃላፊው መካኒኩን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት እጁን ወደ አባ ዝግታ ዘረጋ፤ እሱም የመኪናውን ቁልፍ ሰጠው። አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጥቂት ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

ድንጋዩ ተነስቶ መንገዱ ሲከፈት አማቹ የመኪናውን ሁለተኛ በር ከፈተ። የአባ ዝግታን ፊት አላየም። «ይግቡ፣ አባባ» አለው ብቻ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አባ ዝግታ ያንን ቁልቁለት መሪ ሳይጨብጥ ተቀምጦ ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ጥምዝ አለፉ። አሥረኛው ላይ አማቹ፣

«ፍሬኑን ይዤ ልቆይ?» ሲል ጠየቀው።

«እግርህ ምን ይልሃል?»

«ላላ ብሏል።»

«እንግዲያው ልቀቀውና ማርሽ ቀንስ።»

ማርሹ ገባ፤ መኪናው አጉረምርሞ ረጋ። አባ ዝግታ በልማዱ ወደ ታች አየ። ቀኝ እግሩ ምንም የሌለበትን ወለል ባለ በሌለ ኃይሉ ተጭኖታል። ያወቀው በማየቱ ነው።